ጥበብን ማን ይዳኘው? የጃርት እሾህ ጥልፍ የሚያስተምረን



ስለ እጅ ጥበብ በተነጋገርን ቁጥር አንድ ሐሳብ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲደጋገም እንሰማለን። ባህላዊ ጥበብ ለገበያ ሲቀርብ ይረክሳል፣ ለእንግዳ ሲሸጥ ነፍሱን ያጣል፣ ሊተርፍ የሚችለው ከገንዘብ ርቆ ሲጠበቅ ብቻ ነው ይባላል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ ፍርድ ግማሹን ብቻ አይቶ የተሰጠ መሆኑን ለማሳየት ነው። የእጅ ጥበብን የሚያቆየውም ሆነ የሚያጠፋው መሸጡ ወይም አለመሸጡ አይደለም። ወሳኙ ነገር የቱ ሥራ መልካም፣ የቱ ሥራ ደካማ እንደሆነ የሚፈርደው ማን ነው የሚለው ነው። ዳኝነቱ በሠሪዎቹ እጅ እስካለ ድረስ ጥበቡ ገበያ መካከልም ይኖራል፤ ዳኝነቱ ከእጃቸው ሲነጠቅ ግን ምንም ያህል ቅዱስ ቢሆን ይደክማል። ለዚህ ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሴቶች በጃርት እሾህ የሚሠሩትን ጥልፍ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የሰሜን አሜሪካው ጃርት በእኛ አገር ከሚገኘው ጃርት ጋር በስም ቢገናኝም በዘር የተለየ ቤተሰብ ነው። የእኛው በጉድጓድ የሚኖር፣ የጀርባው እሾህ ወፍራምና ረጅም፣ አንዳንዱም 30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ነው። የአሜሪካው ዛፍ ላይ የሚወጣና የዛፍ ቅርፊት የሚበላ ሲሆን፣ እሾሁ ቀጭን ነው፤ አብዛኛውም ከጣት ርዝመት አይበልጥም። በአንዱ እንስሳ ገላ ላይ ወደ 30,000 የሚጠጋ እሾህ ይገኛል። ይህ እሾህ በመሠረቱ የጠነከረ ፀጉር ነው፤ እንደ ጥፍርና እንደ ቀንድ ከኬራቲን የተሠራ፣ ውስጡ የሳሳ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ጥቁሩ ጫፉ ደግሞ እጅግ በደቀቁ መንጠቆዎች የተሞላ። ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ሲነካ ከገላው በቀላሉ ይላቀቃል እንጂ አይወረወርም። ለጥልፍ የተመረጠውም ውኃ ሲነካው ስለሚለሰልስ፣ ሲጫኑት እንደ ጥብጣብ ስለሚተኛ፣ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ ስለማይለቅና ቀለም በደንብ ስለሚጠጣ ነው።

ሥራው ትዕግሥትና ዕውቀት ይጠይቃል። ሴቲቱ እሾሁን ነቅላ ካጠበች በኋላ በመጠን ትለየዋለች። ወፍራሙ ከጅራት፣ መካከለኛው ከጀርባ፣ ቀጭኑ ከአንገት፣ እጅግ ቀጭኑ ደግሞ ከሆድ አካባቢ ይገኛል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ቦታ አለው። ቢጫውን ዛፍ ላይ ከሚበቅል ላይከን፣ ጥቁሩን ከዋልነት ዛፍ፣ ቀዩን ከሥራሥርና ከፍሬ ቀምማ ትነክራለች፤ ነጋዴዎች ከመጡ በኋላ ቀይ የሱፍ ጨርቅ ቀቅሎ ቀለሙን ማውጣትም ተለምዷል። ከዚያም ጥቂት ጥቂት እሾህ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ታለሰልስና በጥርሷ፣ በጥፍሯ ወይም ለዚሁ በተሠራ አጥንት ታሳሳዋለች። በለፋ ቆዳ ላይ በወስፌ እየበሳች በጅማት ክር ትሰፋለች። ስፌቱ የቆዳውን የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይዞ ያልፋል እንጂ በጀርባው አይወጣም። የአንዱ እሾህ ጫፍ በሚቀጥለው እጥፋት ሥር ይደበቃል። ከጥልፉ ሌላ መጠቅለልም፣ መጎንጎንም፣ በደጋን ላይ ክር ወጥሮ መሸመንም አለ። ዊልያም ኦርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ጥናት እነዚህን ዘዴዎች አንድ በአንድ ሥዕል አውጥቶላቸው መዝግቧል።

ከዚህ ገለጻ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ክርክሬ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ገዢ ወይም ተመልካች የሚያየው ቀለሙንና ቅርጹን ነው። እጥፋቱ እኩል መጥበቁን፣ ስፌቱ በትክክል መደበቁን፣ እሾሁ ለቦታው የሚገባው መጠን መሆኑን፣ ሥራው ከዓመታት በኋላ ሳይላቀቅ መቆየቱን የሚያውቀው ግን ራሱ የሠራ ሰው ብቻ ነው። በእኛ አገር ስንደዶና አክርማ ለይታ፣ አለላ ነክራ መሶብ የምትሰፋ ሴት ይህን ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች። ዓይን የሚማርከው ሐረግ አንድ ነገር ነው፤ ጥምጥሙ ውኃ እስከመያዝ መጥበቁ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ማንኛውም የእጅ ጥበብ ሁለት ዳኞች አሉት። አንዱ ወዶ የሚወስደው ሰው ነው፤ ሌላው ሙያውን የሚያውቀው ሰው ነው። ሁለተኛው ዳኛ ዝም ከተሰኘ ሥራው በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ውበቱ ሳይጓደል ጥንካሬው ይጓደላል፣ ከዚያም ውበቱ ራሱ ይከተላል።

አሁን ወደ ሰሜን አሜሪካው ታላቅ የሣር ሜዳ ሕዝቦች፣ ወደ ላኮታ፣ ወደ ሻያንና ወደ አራፓሆ እንሂድ። በላኮታ እምነት ይህን ጥልፍ ለሴቶች ያስተማረችው በሕልም የምትገለጥ ድርብ ሴት የምትባል መንፈስ ናት። ሥራው የተቀደሰ ነበር፤ ክብሩም በግልጽ ይለካ ነበር። የላኮታ ሴቶች ከኤልክ አጋዘን ቀንድ በተሠራው የቆዳ መፋቂያቸው እጀታ ላይ የጨረሷቸውን ሥራዎች በነጥብ ይመዘግቡ ነበር፤ ወንዶች የጦር ሜዳ ጀብዷቸውን እንደሚቆጥሩ ሁሉ። ስለ ሻያን ሕዝብ የጻፈው ጆርጅ በርድ ግሪኔል እንደመዘገበው፣ ሴቶቹ የእሾህ ጥልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ነበራቸው። አዲስ ገቢዋ ድግስ ደግሳ፣ አንዲት አዋቂ አሮጊት እንድታስተምራት ለምና ነው የምትጀምረው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እያንዳንዷ ያጌጠቻቸውን የጎሽ ቆዳ መጎናጸፊያዎች እየጠራች ትዘረዝራለች። በተቀደሰ ሥራ ላይ ስህተት ከተገኘ ሠሪዋ እንዲሁ አትፈታውም፤ ጠላት የጣለ ጀግና ተጠርቶ ጀብዱውን ከተናገረ በኋላ ነው የተሳሳተውን ስፌት የሚቆርጠው።

ይህ የመጨረሻው ሥርዓት በጥሞና ሊታይ ይገባል። አንዲት የተሳሳተች መስመር ተዋጊን የሚያስጠራ ጉዳይ ከሆነች፣ ያ ማኅበረሰብ የሥራ ጥራትን ከአገር ክብር ጋር አስተካክሎ ያየዋል ማለት ነው። ስህተቱን የሚያዩትና የሚያውጁት ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በአራፓሆ ዘንድ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው አልፍሬድ ክሮበር በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ እንደገለጸው፣ ቀለም፣ እሾህና መሣሪያ የያዙ ሰባት የተቀደሱ ከረጢቶች ነበሩ፤ የሚይዟቸውም ሰባት አሮጊቶች ነበሩ። ድንኳን ወይም መጎናጸፊያ በሥርዓቱ መሠረት የሚያጌጠው በእነሱ ቁጥጥር ነበር። እዚህ ላይ ገንዘብን ከጥበብ የሚያርቁ ሰዎች ሊያዩት የሚገባ ሐቅ አለ። ዕውቀቱ በነጻ አይተላለፍም ነበር፤ ተማሪዋ ስጦታ ትሰጣለች፣ ድግስ ትደግሳለች፣ የመሥራት መብቱን በዋጋ ትቀበላለች። ያጌጠው መጎናጸፊያም ራሱ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ በልውውጥ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ዋጋና ቅድስና በአንድ ጣራ ሥር ኖረዋል፤ ያልተጋጩትም ልኩን የሚያውቁት ሴቶች ዳኞች ስለነበሩ ነው።

ከምዕራቡ ሜዳ ወደ ምሥራቁ ባሕር ዳር ስንሻገር የሚክማክ ሕዝብን እናገኛለን፤ አገራቸው በዛሬዋ ካናዳ ኖቫ ስኮሻና አካባቢዋ ነው። እነዚህ ሴቶች ቀድሞ ቆዳ ላይ ይሠሩት የነበረውን ጥበብ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በርች በተባለው ዛፍ ቅርፊት ላይ ለአውሮፓውያን ሸማቾች መሥራት ጀመሩ። ቅርፊቱን በወስፌ እየበሱ የራሰውን እሾህ ሁለት ጫፎች በየቀዳዳው ያስገባሉ፤ ቅርፊቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብና እሾሁን አንቆ ይይዘዋል። በዚህ ዘዴ ክዳን ያላቸው ሣጥኖች፣ የወንበር መቀመጫዎች፣ የሕፃን አልጋዎች ተሠሩ። የወንበር መቀመጫ በሚክማክ አኗኗር ውስጥ አልነበረም፤ ፈላጊው የእንግሊዝ ቤተሰብ ነበር። ጌጡ ግን፣ ባለስምንት ጨረሩ ኮከብና እርስ በርስ የሚጋጠመው ማዕዘን ሁሉ፣ የሴቶቹ ነበር። ሩት ሆምስ ኋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ጥናት ይህን ታሪክ በዝርዝር አሳይታለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከሠሩት መካከል ክርስቲያን ሞሪስ የተባለችው ባለሙያ ስሟ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ በአብዛኛው የሠሪ ስም በማይመዘገብበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለቱን አካባቢዎች አወዳድሩ። ገበያ ጥበብን የሚገድል ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለሽያጭ የሠሩት ሚክማኮች ጥበባቸውን ቀድመው ማጣት ነበረባቸው፤ ለሥርዓትና ለክብር የሠሩት የሜዳው ሕዝቦች ደግሞ ጠብቀውት መገኘት ነበረባቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው። በሜዳው አገር የእሾህ ጥልፍ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ክፉኛ ተዳከመ፤ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ይዘውት ቀሩ። በምሥራቁ ግን ሣጥኑ ሳይቋረጥ ተሠራ። ቅድስና ብቻውን ጥበብን አላዳነም፤ ገበያም ብቻውን አልገደለም።

ምናልባት የሜዳውን ጥልፍ ያዳከመው ዶቃ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከቬኒስና ከቦሔሚያ የሚመጣው የመስታወት ዶቃ በ19ኛው መቶ ዘመን በነጋዴዎች እጅ ሜዳውን ሞላው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ወዲህ ደቃቁ ዶቃ በርክቶ እሾህን ከብዙ ቦታ አስለቀቀ። ዶቃ መለየት፣ መንከርና ማለስለስ አያስፈልገውም፤ ቀለሙም አይለቅም። ነገር ግን ዶቃውን የሰፉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ቀድሞ ለእሾህ የፈጠሩትን የማዕዘንና የመስመር ስልት ወደ ዶቃው አሸጋገሩት፤ ጠባብ ሰቅ እየደረደሩ የሚሰፉበት ዘዴም ከእሾህ ረድፍ ጋር ግልጽ ዝምድና አለው። በፋብሪካ የተቀመመው አኒሊን ቀለም በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርስም መርጠው ተጠቀሙበት። አዲስ ዕቃ በገባ ጊዜ ዳኝነቱ ከእነሱ እስካልወጣ ድረስ፣ ዕቃው የእነሱን ጥበብ አገለገለ እንጂ አልተካውም።

ታዲያ ያዳከመው ምንድን ነው? ዳኝነቱን የያዙት ሰዎች ሥልጣን መፍረሱ ነው። በመጀመሪያ ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ተጨፍጭፎ እስከ እ.ኤ.አ. 1880ዎቹ መጨረሻ ከብዙ ሚሊዮን ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ፤ መጎናጸፊያውና የቆዳ ድንኳኑ አብረው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንሲልቬንያ የተከፈተው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤትና እሱን የተከተሉት ሌሎችም ልጆችን ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ነጥለው ወሰዱ፤ ቋንቋቸውን ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ1883 የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ደንብ ደግሞ የነባር ሕዝቦችን ሥርዓተ አምልኮና የስጦታ ግብዣ በወንጀል ፈረጀ። ስጦታውና ድግሱ ሲከለከል ሥራ በአደባባይ የሚታይበት፣ የሚነጻጸርበትና የሚከበርበት መድረክ ተዘጋ። ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገባ አሮጊቷ ተማሪ አጣች። ሥራውን ፈራጅ የነበረው ማኅበር ተበተነ። ይህን ያደረገው ዕቃ ገዢ አይደለም፤ የሌላውን ሕዝብ ዕውቀት ዕውቀት ነው ብሎ ያልተቀበለ መንግሥት ነው።

የተሐድሶውም ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። ጥበቡ ያገገመው ቤተ መዘክሮች ዕቃ ስለሰበሰቡ ብቻ አይደለም፤ ሰብሳቢዎቹ ዕቃውን ሲወስዱ ሠሪዋን አልወሰዱም፣ ብዙ ጊዜም ስሟን አልጻፉም። ያገገመው አዋቂዎች እንደገና ተማሪ ስላገኙ ነው። በደቡብ ዳኮታ በፓይን ሪጅ የላኮታዋ አሊስ ኒው ሆሊ ብሉ ሌግስ ሴት ልጆቿን አስተማረች፤ ቤተሰቡ በአንድነት እሾህ እየለቀመ፣ እየነከረና እየሰፋ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ድጋፍ ድርጅት ለባህል ባለሙያዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጣት። በሚሺገን የኦዳዋ ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ኢቮን ዎከር ኬሺክ በርች ቅርፊት ላይ በሚሠራው ጥበቧ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ሽልማት አገኘች። በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የሚገኙት እንደ እሷ ያሉ ባለሙያዎች የሣጥኑን ጠርዝ ጥሩ መዓዛ ባለው ሣር እየከፈፉ ይሠራሉ፤ ሥራቸውንም ይሸጣሉ። ሽያጩ ተማሪን ከመምህር ጋር የሚያቆይ እንጀራ ሆነ፤ ፍርዱ ግን በመምህሯ እጅ ቀረ።

አሁን ለክርክሬ የሚቀርቡ ተቃውሞዎችን ልመልስ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ሚክማኮቹ የሸጡት ወደው ሳይሆን መሬታቸውን ተነጥቀው፣ ርሃብ አስገድዷቸው ነው፤ ታዲያ ገበያውን ማመስገን ግፍን ማመስገን አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው። ለወራት ድካም የተከፈለው ጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ይህን በጎ አድርጎ መናገር አይገባም። የእኔ ክርክር ግን ገበያ ደግ ነው የሚል አይደለም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ሴቶቹ እርስ በርስ ሥራቸውን እያዩ፣ ልጆቻቸውን እያስተማሩ፣ ልካቸውን ስላላወረዱ ጥበቡ ተረፈ የሚል ነው። ምስጋናው ለእነሱ እንጂ ለገዢው አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕግ ይበቃል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን ዕቃ እነሱ እንደሠሩት አስመስሎ መሸጥን በከባድ ቅጣት ይከለክላል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ አስመሳይ ዕቃ የእውነተኛውን ሠሪ እንጀራ ይነጥቃልና። ነገር ግን ሕጉ የሚመልሰው ማን ሠራው የሚለውን ጥያቄ ነው። ሥራው ልኩን ጠብቋል ወይ የሚለውን ፍርድ ቤት ሊመልሰው አይችልም። ሕግ አጥር ይሆናል፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ማሳ የሚያርሰው ባለሙያው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። ዳኝነቱን ለሠሪዎች ብቻ ከሰጠን ጥበቡ አይቀዘቅዝም ወይ፤ አሮጊቶች አዲስ ነገር ሁሉ አይከለክሉም ወይ? ታሪኩ የሚመልሰው አይከለክሉም ብሎ ነው። ከቆዳ ወደ ዛፍ ቅርፊት የተሸጋገሩት፣ የወንበር መቀመጫ የፈጠሩት፣ የፋብሪካ ቀለም የሞከሩት፣ ዶቃን የራሳቸው ያደረጉት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጥንታዊውን ብቻ አምጡ፣ ዶቃና አኒሊን ያለበት ሥራ እውነተኛ አይደለም እያሉ ያስቸገሩት በአብዛኛው የውጭ ሰብሳቢዎች ናቸው። ጥበቡን የሚያውቅ ሰው የትኛው ለውጥ እንደሚያጸናው፣ የትኛው እንደሚያላላው ስለሚለይ ለውጥን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። አዎን፣ ለሥርዓት ብቻ የሚሆኑና የማይሸጡ ሥራዎች አሉ፤ ያንንም ድንበር የሚያሰምሩት እነሱ እንጂ ሌላ ሰው መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይላል? በሻያን ዘንድ ባለሙያዋ ከተዋጊው ጎን ተቆጥራ ስትከበር፣ በእኛ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው ለዘመናት ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን መስደብ እስከመከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሶ ይሆናል፤ ዳኝነቱ ግን አልተመለሰም። ሸማኔው በጥበቡ ላይ ሐሳብ አይጠየቅም፤ በፋብሪካ የታተመ የጥበብ አምሳያ ከውጭ ሲገባ ልዩነቱን የሚያስረዳ መድረክ የለውም። መሶብ ሰፊዋ ዋጋዋን የምትሰማው ሰፍታ ከማታውቅ ነጋዴ አፍ ነው። የሐረር ሴቶች ግን በቤታቸው ግድግዳ ላይ ስፌታቸውን ደርድረው ለጎረቤትና ለእንግዳ ዓይን ሲያቀርቡ፣ ሥራ በሥራ የሚለካበትን አደባባይ በቤታቸው ጠብቀዋል። የስፌታቸው ጥራት እስከ ዛሬ ስም ያለው ሊሆን የቻለው ሥራውን የምታይ ዓይን ራሷ የምትሰፋ ሴት ዓይን ስለሆነች ጭምር ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ግልጽ ነው። የእጅ ጥበብ ውድድርና ባዛር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በዳኞች ወንበር ላይ በመጀመሪያ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ስፌት ሰፊዋን አስቀምጡ። ቤተ መዘክርና ሱቅ የምታስተዳድሩ፣ በዕቃው አጠገብ የሠሪውን ስም ጻፉ። ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ አዋቂዋን ባለሙያ ለአንድ ቀን ትርኢት ሳይሆን ለዓመት በደመወዝ ቅጠሩ፤ ተማሪዎቿንም እሷ ትመዝናቸው። እኛ ገዢዎች ደግሞ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት ሥራውን እንዲያስረዳን ሠሪውን እንጠይቅ፣ የሚነግረንንም አምነን እንክፈል። ጥበብን መሸጥ አያዋርደውም፤ የሚያዋርደው የሠራውን ሰው ሳይጠይቁ መፍረድ ነው።